ተቀምጣ የለካችው ቤት

የእታለም አንጓችን መሞት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በር ተሳፍሬ ወደ ገበያው እየሄድኩ ነበር። ሹፌሩ አጠገቡ ከተቀመጠው ጓደኛው ጋር ያወራል።

«ያች የጠበሉ እብድ ሞተች አሉ።»

«የትኛዋ? እዚያ ያላበደ አለ እንዴ?»

«ጭቃ የምትመርገዋ። እነ መምሬን ግድግዳ ያስጎተተችው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ከኋላ ደብተሬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ከማላውቀው ሰው ጋር መከራከር አልወድም፤ እናቴም መምህሮቼም የሚያመሰግኑኝ በዚህ ነው። ያን ቀን ግን «እብድ አልነበረችም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጎልቶ ተሰማኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ይቅርታ እህቴ፤ ዘመድሽ ናት?»

«አዎ» አልኩት።

ዘመዴ አይደለችም። አብሬያት የሠራሁትም ከአምስት ወር አይበልጥም። ነገር ግን ስለ እሷ ከሹፌሩ የተሻለ የማውቀው ስላለ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ፣ ሳልጨምር፣ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ያገናኘን አንድ አሮጌ ቤት ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ባጃጅ የሚደርስበት መንገድ ከሚያበቃበት ቁልቁል በእግር የሚወረድበት ጠበል አለ። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ አገልጋዮቹ በዚህ ነገር ስሙ እንዲነሣ አይወዱም። ከጠበሉ በላይ፣ በዛፎቹ መካከል፣ ረጅም የድንጋይ ቤት ቆሟል። የሕሙማን ቤት ይባላል። አእምሯቸው የታመመ ሰዎች እየተጠመቁ የሚሰነብቱበት ነው። ልጁ የታመመበት አንድ ባላባት አሠራው ይላሉ፤ መቼ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

ቤቱ ታስቦበት የተሠራ ነው። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል፤ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃና በኖራ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት የጥድ ግንዶች ናቸው። በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ሥር ከዳር እስከ ዳር የድንጋይ መደብ ተሠርቷል፤ ሕመምተኛው የሚቀመጠውም የሚተኛውም እዚያ ላይ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ከመደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ በየሁለት ክንዱ የብረት ቀለበት ከግድግዳው ይወጣል። የሰንሰለቱ ጫፍ የሚቆለፈው እዚያ ቀለበት ላይ ነበር።

ከዓመታት በፊት የሰበካ ጉባኤው ቤቱን ላሳምር ብሎ ውስጡንም ውጭውንም በሲሚንቶ አስለሰነው፤ ሰማያዊ የዘይት ቀለምም አስቀባው። በፍቅር የተሠራ ስሕተት ነው። ከመሬቱ የሚመጣው እርጥበት መውጫ አጣ። ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው እንደ ታመመ ሆድ እየተነፋ ሄደና አንድ ነሐሴ የምዕራቡ ጎን ተናደ። ደግነቱ የወደቀው ወደ ውጭ ነው። ቤቱ ይታደስ የተባለው ያን ጊዜ ነበር።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቅኩ ነበር። ለእድሳቱ የመጣው የቅርስ ባለሙያ ልኬት የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ፣ ጽሑፏ ንጹሕ ነው ብለው እኔን ጠቆሙት። በመጀመሪያው ቀን ሜትሬን ይዤ ስገባ አንዲት ሴት መደቡ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ዓይኗን ፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ ተክላ አትነቃነቅም። ከሕመምተኞቹ አንዷ መሰለችኝ።

«አይዞዎት፤ እግዜር ይማርዎት» አልኳት።

«አሜን፤ አንቺንም ይማርሽ» አለች ሳትዞር። «አሁን ከብርሃኔ ላይ ዞር በይልኝ። ግድግዳው ሆዱ የት ጋ እንደተነፋ እያየሁ ነው።»

መራጊዋ እሷ ነበረች። በእኛ አካባቢ ድንጋይ የሚክበው ወንድ፣ ጭቃ የምትመርገው ሴት ናት። ደንግጬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅኩዎትም እያልኩ ስቀባጥር አቋረጠችኝ።

«አንቱ አትበይኝ። እዚህ መደብ ላይ ታስሬ ሳለሁ አንቱ ያለኝ የለም። አሁን ስለዳንኩ አንቱ ከሆንኩ፣ ያን ጊዜ ምን ነበርኩ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሌሎቹ ሁሉ «እታለም» አልኳት፤ ታላቅ እህት እንደማለት።

ታሪኳን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እሱንም ጭቃ እየመረገች፣ ፊቷን ሳታዞር። የተወለደችው ሐሙሲት አጠገብ ካለ የገበሬ መንደር ነው። ዐረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ሠርታለች። ስትመለስ ሻንጣዋም፣ ልቧም አብሯት አልነበረም። ወንድሟ በጠፍር አስሮ ወደ ጠበሉ አመጣት። ከፍልሰታ እስከ ሁዳዴ ከበሩ ሰባተኛው ቀለበት ላይ ታስራ ከረመች።

«ምን አዳነሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጠበሉም አለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የምታመጣው ክኒንም አለ። ጎኔ የነበረችው የእብናት ሴትዮም አለች፤ ከቆሎዋ ታካፍለኝ ነበር። የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ» አለችና ጭቃውን በመዳፏ ጠፍጠፍ አደረገችው። «ሰንሰለቱ ግን አላዳነኝም። እሱን አውቃለሁ።»

ከዳነች በኋላ ወደ መንደሯ አልተመለሰችም። ጠበሉ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ፣ የሰው ቤት እየመረገች ኖረች።

አሠራሯ ለእኔም ለባለሙያውም እንግዳ ነበር። አንድ ክፍል ከመጀመሯ በፊት መደቡ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ክንድ ያህል ትፈቀቅና እንደገና ትቀመጣለች። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ተቀምጣ ጨረሰችው። ባለሙያው ጎበዝና ትሑት ልጅ ነው፤ ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

«እታለም፣ ሥራው መቼ ሊጀመር ነው? ቤቱ እኮ ተለክቷል።»

«አንተ ቆመህ ነው የለካኸው፣ ወንድሜ። ሕመምተኛ ይሄን ቤት ቆሞ አያየውም። ና እዚህ ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም፤ ሱሪው ንጹሕ ነበር። እሷ ተወችው። ለእኔ ግን አሳየችኝ። ከመደቡ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ሲያዩ የመስኮቱ ብርሃን የሚያርፈው ከተቃራኒው ግድግዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰው ላይ አይደርስም። ዛፍ አይታይም፤ የሚመጣና የሚሄድ ሰው አይታይም። «ቀኑን የማውቀው በቅዳሴው ድምፅ ነበር» አለችኝ። የተናደው ቦታ ሲካብ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ መስኮት ይውጣለት ብላ ጠይቃ ነበር። ባለሙያው ቀድሞ ያልነበረ ነገር አይጨመርም አላት። «ቀድሞ የነበረው ለማን ነበር የነበረው?» አለችው።

ጭቃዋን ከጭድ ጋር አቡክታ ብዙ ቀን ታሰነብተዋለች። ይሸታል። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉና ጉድጓዱ ይሸፈን ቢሏት «ይሽተት! ሲሸት ነው የሚይዘው፤ እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይሸፍኑ» ብላ አባረረቻቸው። ጭቃውን የሚረግጡላት ደግሞ ቤቱ እስኪታደስ ዳስ ውስጥ የሰነበቱት ሕመምተኞች ነበሩ። አስታማሚዎቹን ለምና፣ ሰንሰለታቸውን አስፈትታ፣ ሱሪያቸውን አስጠቅልላ ታስገባቸዋለች። አንዱ ከሁሉም በላይ ሆኖ «ግራ! ቀኝ! አንተ ሰነፍ!» እያለ ሲያዝ ይውላል፤ አለቃው አልነው። አንዲት አሮጊት ደግሞ ሜትሬን ይዤ ስመላለስ ስታየኝ ቆይታ «ምስኪን፤ አንቺስ ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለችኝ። እታለም እስክታስል ሳቀች። ለብዙ ቀን «ምስኪን» እያለች ጠራችኝ።

ምርጊቱ ሊጀመር ሲል የቀለበቶቹ ነገር ተነሣ። ሲሚንቶው ሲፈነቀልና የያዟቸው ድንጋዮች ሲነሡ ሁሉም ወጥተው በከረጢት ተቀምጠዋል። ይመለሱ ወይስ ይቅሩ? ስብሰባው ከቤቱ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ነበር። የእድሳት ኮሚቴው ሊቀመንበር መምሬ አካሉ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕመምተኞቹን በየስማቸው የሚያውቁ፣ ሲያጠምቁ ውሃው ይቀዘቅዝባቸዋል ብለው የሚሳሱ ካህን ናቸው።

ባለሙያው ቀድሞ ተናገረ። «ቀለበቶቹ የቤቱ ታሪክ አካል ናቸው። በነበሩበት ቦታ ይመለሱ፤ ለእይታ ብቻ። ሰው እንዲታሰርባቸው አይደለም።»

«ለእይታማ ምን ይሠራሉ?» አሉ መምሬ። «የሚታሰር ሰው ስላለን ነው እንጂ። አንዱ አምልጦ ገደል ገብቶብን የለም? እኔ ነኝ በእጄ ያወጣሁት። ይመለሱ፤ ጠንክረው ይመለሱ።»

ሁለቱ በማይገናኝ ምክንያት በአንድ ነገር ተስማሙ። እታለም ከኋላ ቆማ የደረቀ ጭቃ ከጣቷ ትልጣለች።

«አንጓች፣ አንቺስ? መራጊዋ አንቺ ነሽ» አሏት መምሬ።

«እኔ በመረግኩት ግድግዳ ሰው አይታሰርም።»

«ገደል ይግባ ነው የምትይው?»

«ገደሉ ካስፈራዎት ገደሉን በአጥር ያስከልሉት፣ መምሬ። ሰውየውን ለምን?»

ጉምጉምታ ሆነ። ከኮሚቴው አንዱ ጮክ ብሎ «ይችን ሴት ድናለች ያላችሁ ማነው?» አለ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ሁለት እጇን አጣምራ ወደ ሰውየው ዘረጋች።

«ካልዳንኩማ እሰሩኛ! ቀለበቱ የት አለ?»

ሳቁ ቆመ። ውሳኔው ግን አልተቀየረም፤ ቀለበቶቹ እንዲመለሱ ተባለ። ትጣላለች ብዬ ስጠብቅ አጎንብሳ ነጠላዋን አነሣችና «እሺ፤ እመልሳቸዋለሁ» አለች። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አዘንኩባት።

በድሮው አሠራር የቀለበቱ ጭራ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ አልፎ ይታጠፋል፤ በሬም ቢስበው አይወጣም። እሷ ሥራውን ስትጀምር እኔ የእያንዳንዱን ቦታ እየለካሁ እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን ቀለበት ከጭድ በተቦካ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ሰካችው፤ ዙሪያውን አሳምራ ለሰነችው፤ ከድንጋዩ ኋላ ምንም አላለፈም።

«እታለም፣ ይሄ ይይዛል?» አልኳት።

«ባለሙያሽ ምን አለ?»

«ለእይታ ብቻ።»

«ይታያል?»

«ይታያል።»

«ልኬቱስ?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲያ ጻፊ፣ ምስኪን።»

ጻፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም፤ ባይጠይቁኝ ብዬም እጸልይ ነበር።

የተናደው ጎን በቆርቆሮ እንደተጋረደ፣ የቀረው ምርጊት ደርቆ ሕመምተኞቹ መመለስ ሲጀምሩ መጀመሪያ የመጣው ደሴ የሚባል የእብናት ገበሬ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ይሆነዋል። አባቱ አቶ ፈረደ ከመኪና መንገዱ ጀምሮ በጠፍር እየጎተቱ ነው ያመጡት፤ የሁለቱም እጅ ቆስሏል። ልጁ ቤት ሳለ ወደ ወንዝ እየሮጠ እንዳስቸገራቸው ለመምሬ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ሰንሰለቱን ራሳቸው ቀለበቱ ላይ ቆለፉና ሁለት ጊዜ ሳብ አድርገው ሞከሩት። ያዘ። እታለም ያን ቀን ሥራዋን ሁሉ ወደ በሩ አዛወረች። እዚያው ደፉ አጠገብ ቁጭ ብላ ጭድ ትለቅማለች፤ ምሳዋንም እዚያው በላች። በማግስቱም እዚያው ናት። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አቶ ፈረደ ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። እኔ ውጭ ልኬቴን በንጹሕ እገለብጣለሁ። ከውስጥ አፈር ሲራገፍ ተሰማኝ። ደሴ በሩ ላይ ቆመ። ሰንሰለቱ ከእጁ ተንጠልጥሏል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ቀለበቱ፣ በቀለበቱ ላይ የጭቃ ጓል አለ። ገደሉ ከዚያ ሩቅ አይደለም። እታለም ግን አልጮኸችም፣ አልያዘችውም። ቀስ ብላ ተነሥታ በእሱና በቁልቁለቱ መካከል ሆነች፤ በአገጯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች፦

«ፀሐዩ ወዲህ ነው» አለችው።

ደሴ ዞሮ አየ። ከዚያ ስድስት ሰባት እርምጃ ተራምዶ የቤቱን ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

አቶ ፈረደ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ብቅ ሲሉ ባዶውን በር አዩ፤ ጀሪካኑን ጥለው ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። ልጃቸውን ሲያገኙት ዱላው ወደ እታለም ዞረ።

«አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ የተከልሽው! ልጄ ቢሞትብኝስ?»

«ከትናንት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ፣ አቶ ፈረደ። አይሞትብዎትም ነበር።»

«ማን አደረገሽ ጠባቂ? ማን ሾመሽ?»

«ይግቡና ይቀመጡ፤ ከዚያ ይምቱኝ።»

ለምን እንደታዘዟት እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ደክሟቸው ይሆናል። ገቡ። እኔ ደሴን እየጠበቅኩ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እሷ ልጃቸው የነበረበት መደብ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ምን ይታይዎታል?»

«ግድግዳ።»

«ሌላስ?»

አቶ ፈረደ ቀና አሉ፤ ወደ መስኮቱ አዩ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ግድግዳ» አሉ እንደገና፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔ ሰባት ወር አየሁት» አለቻቸው። «ልጅዎ ወደ ወንዝ የሚሮጠው ለመሞት ነው ወይስ ውሃ ለማየት? ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ዱላቸውን መደቡ ላይ ትተው ወጡና ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። የቁልፉን ገመድ ከአንገታቸው አውልቀው ሰንሰለቱን ሲፈቱት አየሁ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የቅርሱ ባለሙያም አለ። መምሬ አካሉ ተቆጥተው ነበር፤ ከቁጣቸው በላይ ግን የተከዙ ይመስላሉ።

«ይሄ ቀለበት እንዴት ወጣ፣ አንጓች? ዝናብ ገብቶበት ነው?»

«ዝናብ አይደለም። እንዲወጣ አድርጌ ነው የተከልኩት። ሁሉንም። ይግቡና ይሳቡ።»

የሚያምናት አልነበረም። ግን ገቡ። ያን ቀን ያየሁትን እስክሞት አልረሳም፤ ጋቢ የለበሱ የተከበሩ ሽማግሌዎች በመደቡ ርዝመት ተደርድረው፣ አንድ እግራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀለበት ይጎትታሉ። እንደ ሽንኩርት ተነቀሉ። አንዱ ከነቀለበቱ በጀርባው ሊወድቅ ሲል አለቃው ደግፎት «ጎበዝ! ቀጥል!» አለው። በሩ ላይ የቆሙት አስታማሚዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። የባጃጁ ሹፌር የሰማው ይህን ነው። እሱ ያልሰማው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

መምሬ የነቀሉትን በእጃቸው ይዘው «ለምን አልነገርሽንም?» አሏት።

«ነግሬያችሁ ነበር። ዛፉ ሥር። ሳቃችሁ።»

«ሰው ቢሞት ኖሮስ?»

«በእኔ እጅ ይሆን ነበር። ይቅር በሉኝ አልልም። ለደሴ ፈርቻለሁ፤ ሁለት ቀን ከበሩ አልተነሣሁም። ግን ደግማችሁ ብታዙኝ ደግሜ እንዲሁ ነው የምተክለው።»

መምሬ ወደ አቶ ፈረደ ዞሩ። «የተበደልከው አንተ ነህ። ክስህን ተናገር።»

አቶ ፈረደ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ክስ የለኝም። መስኮት ግን እፈልጋለሁ፤ እሷ ባለችው ልክ።»

እታለም ከሥራው ተባረረች። ውሳኔውን ስትሰማ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የጭቃ ዕቃዎቿን አጥባ ሄደች። ቀለበቶቹን የሚመልስ ሌላ መራጊ ተፈለገ፤ ነገሩን የሰሙት ሴቶች አንዷ ልጄ ታሞብኛል፣ ሌላዋ እጄን አሞኛል እያሉ ሳይመጡ ቀሩ። ከከተማ ግንበኛ ይምጣ ሲባል ክረምቱ ገባ። በዚህ መካከል አቶ ፈረደ እህላቸውን ለወንድማቸው አደራ ብለው እዚያው ሰነበቱ፤ ሌሎቹ አስታማሚዎችም በየተራ እየተቀመጡ መጠበቅ ጀመሩ። ያለ ችግር አልነበረም። አንዱ አምልጦ በሦስተኛው ቀን እብናት ገበያ ተገኘ። መምሬ ጎጆዋ ድረስ ሄደው «ይኸውልሽ!» አሏት። «ተመለሰ አይደል?» አለቻቸው። ደሴ ራሱ አገሩ ገብቶ፣ እንደገና እያመመው ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

የመስኮቱን ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። አንድ ጠዋት ባለሙያው ብቻውን ገብቶ አየሁት። ንጹሕ ሱሪውን አቧራው ላይ አድርጎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠራኝና «ሜትሩን ከመደቡ እስከ ዓይኔ አድርጊው» አለኝ። የተናደው ጎን ሲካብ መስኮቱ ወጣለት። ወረቀቱ ላይ «የተጨመረ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ስሙን ፈረመ።

ምደባዬ ደርሶ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ጎጆዋ ሄጄ ተሰናበትኳት። የሰው ጎተራ እየመረገች ነበር። ምን ልትማሪ ነው አለችኝ፤ ገና አልተወሰነልኝም አልኳት። «የሚወስንልሽ ማነው?» አለችና በጭቃ እጇ ጉንጬን ነካችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ከባጃጁ በወረድኩ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ወደ ጠበሉ ሄድኩ። አቶ ፈረደ አሉ፤ ሁሉንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሳምባዋን አሟት ሳምንት ተኝታለች፤ ሐኪም ቤት የደረሰችው ዘግይታ ነው፤ የተቀበረችው ሐሙሲት፣ ከእናቷ ጎን ነው። እያወሩኝ ሳለ ከቁልቁለቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሦስት ወንዶች አንዲት ሴት ይዘው መጡ። ወንድሞቿ ናቸው። ታላቁ አዲስ ሰንሰለት ትከሻው ላይ አድርጓል። ሴትዮዋ ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ ጫማ የላትም፤ ከንፈሯ ደርቋል።

ገቡ። ታላቁ ወንድም ሰንሰለቱን ይዞ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየ። በእጁም ዳሰሰው።

«የት ነው የሚታሰረው?» አለ።

መምሬ አካሉ በሩ ላይ ቆመዋል። አቶ ፈረደ ወደ መምሬ አዩ። መምሬ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር፤ አሁን እሷ የለችም፤ ቀለበቶቹ ደግሞ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ናቸው። እኔ እዚያ ምንም አይደለሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ዓመት ያልሞላኝ ተማሪ ነኝ፤ ሰው የጠየቀኝም የለም።

«እዚህ አይታሰርም» አልኩ።

ወንድምየው ዞረ። «አንቺ ማነሽ?»

«እዚህ የሠራሁ ነኝ። አይታሰርም።»

«ታዲያ ማን ይይዛታል?»

«እናንተ። ተራ እየገባችሁ ትቀመጣላችሁ። ዛሬ እኔም አለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትድን።»

ሰንሰለቱን የሚያኖርበት አጥቶ ቆመ። የመምሬን ፊት አላየሁም። ሴትዮዋን በእጇ ይዤ መደቡ ላይ፣ መስኮቱ ትይዩ አስቀመጥኳትና ከጎኗ ተቀመጥኩ።